ጨረቃ ስትሞላ የሚነቃ ሜዳ

ከለንደን ኪንግስ ክሮስ ተነስቶ ወደ ስኮትላንድ የሚከንፈው ባቡር ሳንዲ የምትባለውን ትንሽ ከተማ እንዳለፈ በስተቀኝ በኩል ለጥ ያለ የእርሻ መሬት ይገለጣል። እንደ ወቅቱ ስንዴ ይለብሳል፣ ወይም ቢጫ የጎመን ዘር፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ውሃ የጠገበ ጭቃ ብቻ ነው። ከመሬቱ ማዶ ዛፍ የለበሰ ረጅም ተረተር አለ፤ በተረተሩ ላይ ኤቨርተን የምትባል መንደር ተቀምጣለች። ባቡሩ ይህን ሁሉ ወዲያው ጥሎት ያልፋል። መስኮት ዳር የተቀመጠ ሰው ቀና ብሎ ቢያይ እንኳ ዓይኑን የሚይዝለት ነገር አያገኝም።

እዚያ ሜዳ ላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቴምፕስፎርድ የሚባል የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ከዚያ እየተነሱ ወንዶችና ሴቶች በጨረቃ ብርሃን ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ሆላንድ፣ ወደ ኖርዌይ፣ ወደ ፖላንድ ሄደዋል፤ ብዙዎቹም አልተመለሱም። ሜዳው የተሠራው እንዳይታወቅ ነው፤ ይህ ሥራው ደግሞ ከሚገባው በላይ ተሳክቶለታል። ጦርነቱ ካለቀ ሰማንያ ዓመት አልፎት ዛሬም የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። እኔን የሚቆጨኝ ይኸው ነው፤ ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በዚያ ጦርነት እንግሊዝ አገር ራሷ አንድ ትልቅ የአውሮፕላን ማረፊያ ሆና ነበር ማለት ይቻላል። ሥራው በጦፈበት በ1942 በአማካይ በየሦስት ቀኑ አንድ አዲስ ማረፊያ ይጠናቀቅ ነበር። ትናንት ስንዴ ይዘራበት የነበረ መሬት በሲሚንቶ ይሸፈናል፤ ሦስት ማኮብኮቢያዎች እርስ በርስ ተቆራርጠው ይዘረጋሉ፤ ዳር ዳሩን የሚዞር መንገድ ይሠራል፤ በየዛፉ ሥር የቆርቆሮ ሰፈር ይበቅላል። በምሥራቅ እንግሊዝ ገጠር ዛሬም በእግሩ የሚጓዝ ሰው በእርሻ መሃል ድንገት የተሰነጣጠቀ ኮንክሪት ይረግጣል። ከእነዚህ ማረፊያዎች ብዙዎቹ አስታዋሽ አላጡም። በኖርፎክ፣ ቶርፕ አቦትስ የነበረው የአሜሪካኖቹ 100ኛ ቦምብ ጣይ ክፍል የመቆጣጠሪያ ማማ ሙዚየም ሆኗል። የበረሩበት ሰዎች ውቅያኖስ እያቋረጡ ለዓመታት ተገናኝተውበታል፤ አሁን ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ይመጣሉ። ከቴምፕስፎርድ የሄዱት ግን እርስ በርስ አይተዋወቁም ነበር። የያዙት ስም የራሳቸው አልነበረም። የሸኛቸው ሰው ማን እንደሆኑ አያውቅም፤ የተቀበላቸውም አያውቅም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ከጦርነት በኋላ ተፈላልገው እንዴት ማኅበር ይጠጣሉ?

ማረፊያው ሥራ የጀመረው በ1941 መጨረሻ ግድም ነው። በ1942 የጸደይ ወራት 138ኛውና 161ኛው ስኳድሮን መጥተው ሰፈሩበት፤ እስከ 1945 ድረስም ቤታቸው ሆነ። የ161ኛው የመጀመሪያ አዛዥ ኤድዋርድ ፊልደን ከጦርነቱ በፊት የንጉሡ አውሮፕላን አብራሪ የነበረ ሰው ነው፤ በኋላም የጣቢያው ሁሉ አለቃ ሆኗል። ሁለቱ ስኳድሮኖች ከሁሉ በላይ ያገለገሉት በሐምሌ 1940 ተቋቁሞ ለንደን ቤከር ጎዳና ላይ ቢሮውን የከፈተውን የልዩ ዘመቻዎች መሥሪያ ቤት ነው። ተግባሩ ናዚ ጀርመን በያዛቸው አገሮች ላሉ የውስጥ አርበኞች ሰው፣ መሣሪያ፣ ገንዘብና ሬዲዮ ማድረስ ነበር።

በዙሪያው ካሉ ማረፊያዎች የሚነሱት ቦምብ ጣዮች ሙሉ ጨረቃን ይፈሯት ነበር፤ በብርሃኗ ለጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች አሳልፋ ትሰጣቸዋለችና። ቴምፕስፎርድ ግን በጨረቃ ነበር የሚኖረው። አብራሪው መንገዱን የሚያገኘው ወንዝ፣ ሐዲድ፣ የጫካ ጠርዝ እያየ ነው። ስለዚህ ጨረቃ ከመሙላቷ አንድ ሳምንት በፊትና ከሞላች አንድ ሳምንት በኋላ ያለው ጊዜ የሥራ ወቅት ነው። ጨረቃ ስትጠፋ ሜዳው ያንቀላፋል። በአካባቢው ያለ ገበሬ ማንም ምንም ባይነግረው ይህን ያህል ማስተዋሉ አይቀርም፤ ገበሬ በየትም አገር ጨረቃን ይቆጥራል። ያየውን ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ በአዋጅ ብቻ የሚገኝ አይመስለኝም። የመንደሩ ሰው ከተረተሩ ላይ ሆኖ ጥቋቁሮቹን አውሮፕላኖች ሲነሱ ያያል፤ ስንት እንደሄዱ፣ ስንት እንደተመለሱ ይሰማል፤ ጠዋት ተነስቶ ከብቱን ያልባል።

ከማረፊያው ምሥራቃዊ ዳር ላይ ጅብራልታር የሚባል የቆየ እርሻ ነበር። መሬቱ ለጦርነት ሲወሰድ የእርሻው ቤቶች እንዳሉ ተተዉ። ጎተራውን ግን ውስጡን በጡብ አጠናክረው ውጪውን በአሮጌ ሳንቃ አለበሱት፤ ከሰማይ ለሚያይ ሰው ባለቤቱ የተወው የገበሬ ጓሮ እንዲመስል። አንድ ስመ ጥር የመድረክ ምትሃተኛ መጥቶ ጣቢያውን እንደሰወረው የሚያወሩም አሉ። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን አይደንቀኝም፤ ሰው ለእንዲህ ያለ ቦታ ምትሃተኛ ቢፈልግለት ይገባዋል።

ተጓዦቹ ተራቸው እስኪደርስ የሚቆዩት ጌይንስ ሆል በተባለ ትልቅ የገጠር ቤት ነበር። እዚያ ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ የአየሩን ሁኔታ ይጠብቃሉ። የሚንከባከቧቸው በጎ ፈቃደኛ ሴቶች የሚያገለግሉበት የአንድ ጓድ አባላት ነበሩ፤ ብዙዎቹ ገና ልጃገረዶች ናቸው። ምግብ ያበስላሉ፤ መኪና ይነዳሉ፤ ፍርሃት የያዘውን በጨዋታ ያዘናጋሉ። በራት ላይ ሲያስቃቸው ያመሸው ሰው በማግስቱ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። የት ሄደ ተብሎ አይጠየቅም።

የተራው ማታ መኪና ይመጣና ተጓዡን ወደ ጎተራው ይወስደዋል። እዚያ የመጨረሻው ፍተሻ ይደረጋል። አንዲት የለንደን አውቶቡስ ትኬት ኪስ ውስጥ ከተረሳች፣ ፓሪስ ላይ ፖሊስ አስቁሞ ሲፈትሸው ሕይወቱን ታስከፍለዋለች። የእንግሊዝ ሲጋራ፣ ክብሪት፣ የሲኒማ ትኬት፣ የልብስ ማጠቢያ ቤት ምልክት ሁሉ ተለቅሞ ይወጣል። ልብሱ በፈረንሳይ አሰፋፍ የተሰፋ ነው፤ ቁልፉ የተተከለበት ክር እንኳ ታስቦበታል። የሐሰት መታወቂያ ይሰጠዋል፤ የራሽን ካርድ፣ የፈረንሳይ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ መጨረሻ ላይ ትንሽ የመርዝ እንክብል ይቀርብለታል። እንክብሉን መውሰድም መተውም የራሱ ምርጫ ነው። አንዳንዱ ይወስዳል፤ አንዳንዱ እጁን ያወዛውዛል።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የፈታሹ እጅ ነው። ፈታሹ ወዳጅ ነው፤ የሚፈትሸውም በፍቅር ነው። ከሰውየው ኪስ የሚያወጣው ግን የሰውየውን ሕይወት ነው፦ ባለፈው ቅዳሜ ያየውን ሲኒማ፣ ከፍቅረኛው ጋር የተሳፈረበትን አውቶቡስ፣ የገዛ ስሙን። ሲጨርስ ፊቱ የቆመው ሰው ሌላ ሰው ነው።

ከዚያ ወደ አውሮፕላኑ ይሄዳሉ። በመጀመሪያ ዊትሊ፣ ኋላ ሃሊፋክስና ስተርሊንግ የተባሉ ትልልቅ አውሮፕላኖች ነበሩ፤ በሆዳቸው ላይ ክብ ቀዳዳ ተከፍቶላቸዋል። አብራሪዎቹ ተጓዡን በስም አያውቁትም። ወንድም ይሁን ሴት፣ ፈረንሳዊም ይሁን ኖርዌያዊ ለእነሱ ስሙ ጆ ነው። አብሮት ወደ ኋላ የሚቀመጠው አሰናባች የሚባለው ወታደር ነው፤ ከቴርሞስ ትኩስ ቡና ይቀዳለታል፣ የፓራሹቱን ገመድ ያይለታል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ቀዳዳውን ይከፍትለታል። ከታች ጨረቃ ያጠበቻት አገር ታልፋለች። አውሮፕላኑ ከመሬት ሁለት መቶ ሜትር እንኳ በማይሞላ ከፍታ ላይ ይወርዳል፤ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ጆ ይወድቃል። አሰናባቹ የዚያን ሰው ፊት ለመጨረሻ ጊዜ ያየ ወዳጅ እሱ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሕይወት የተረፉ አሰናባቾች ልጅ ወልደው፣ ጡረታ ወጥተው፣ አርጅተው ያን ፊት ሲያስታውሱ የሚጠሩት ስም አልነበራቸውም። ከዚህ የከበደ ትዝታ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የ161ኛው ስኳድሮን ሌላ ዓይነት አውሮፕላንም ነበረው፤ ላይሳንደር። ክንፏ ከአብራሪው ራስ በላይ የተዘረጋ፣ ባለ አንድ ሞተር፣ ወፍራም እግር ያላት አውሮፕላን ናት። በ1940 የፈረንሳይ ዘመቻ በቀን ስትበር ዘገምተኛ ሆና የጀርመን አውሮፕላኖች ሲሳይ ሆነች። የቀን ጉድለቷ ለሌሊት ጸጋ ሆነላት፤ ቀስ ብላ ስለምትበር በአጭር የግጦሽ መሬት ላይ ማረፍ ትችላለች። መትረየሷን አወለቁ፤ በሆዷ ሥር ተጨማሪ የነዳጅ በርሜል አሰሩላት፤ በጎኗ ላይ ተሳፋሪ ቶሎ እንዲወጣና እንዲወርድ መሰላል ገጠሙላት። አብራሪው ብቻውን ነው። ጭኑ ላይ ካርታ ዘርግቶ፣ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ፣ በመስኮት ወንዝ እየቆጠረ ሦስትና አራት ሰዓት ይበርራል። ከሰሜን ቴምፕስፎርድ እስከ ፈረንሳይ እንዳይርቅበት መጀመሪያ ሳሴክስ ውስጥ ወዳለው ታንግሚር ይወርድና ከባሕሩ ዳር ይነሳል።

ማዶ በግጦሹ ላይ የሚጠብቁት ሰዎች የያዙት ሦስት የእጅ ባትሪ ነው። ባትሪዎቹ እንጨት ላይ ታስረው በተገለበጠ የላቲን ኤል ፊደል ቅርጽ ይተከላሉ። ሞተሩ ሲሰማ አንዱ ሰው አስቀድሞ የተስማሙበትን ፊደል በሞርስ ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ፊደሉ ከተሳሳተ አብራሪው ተመልሶ ይሄዳል። ትክክል ከሆነ ያርፋል፣ ይዞራል፣ የመጡት ይወርዳሉ፣ የሚሄዱት ይወጣሉ፣ ይነሳል፤ ሁሉም ነገር በሦስት ደቂቃ ግድም ያልቃል። ከ1942 መጨረሻ እስከ 1943 መጨረሻ ላይሳንደሮቹን የመራው ሂዩ ቬሪቲ ይህን ሁሉ ጦርነቱ ካለቀ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1978 በመጽሐፍ አወጣው፤ ያ መጽሐፍ ባይኖር ኖሮ ከምናውቀው ብዙው ከሰዎቹ ጋር በተቀበረ ነበር። የፈረንሳይን የውስጥ አርበኞች አንድ ያደረገው ዣን ሙላን በ1943 ለንደን ደርሶ የተመለሰው በላይሳንደር ነው። ከቬሪቲ ጓዶች አንዱ ሉዊስ ሆጅስ ከፈረንሳይ በሌሊት ይዞ ካወጣቸው ሰዎች መካከል ሁለቱ፣ ቬንሳን ኦሪዮልና ፍራንሷ ሚተራን፣ በኋላ የአገራቸው ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

እኔ በአርበኞች ወሬ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ እዚያ ግጦሽ ላይ ባትሪ ይዘው የቆሙትን ሰዎች ሳስብ ሩቅ አይሆኑብኝም። ቴምፕስፎርድ ገና የተጠናቀቀ ማረፊያ ሳይሆን፣ ኅዳር 20 ቀን 1940፣ በእኛ በ1933 መሆኑ ነው፣ ቪንሰንት የምትባል ድርብ ክንፍ ያላት አሮጌ አውሮፕላን ከካርቱም ተነስታ ጎጃም ሰከላ ላይ አርፋ ነበር። የያዘችው የእንግሊዙን መኮንን ኦርድ ዊንጌትን ነው። የመጣውም በነሐሴ የሱዳንን ድንበር አቋርጦ ከጎጃም አርበኞች ጋር የተቀላቀለውን የአገሩን ልጅ ዳንኤል ሳንድፎርድን ለማግኘት ነበር። አገሩ በጣሊያን እጅ ነው፤ መሬቱ ተራራ ነው፤ መሣሪያና ጥይት የሚገባው በግመልና በበቅሎ ነው። በዚያች ጠባብ መሬት ላይ አርፎ መነሳት የቻለ አብራሪና ላይሳንደርን በፈረንሳይ ቱሬን አውራጃ ካለ የከብት መስክ ላይ ያሳረፈ አብራሪ ቢገናኙ ብዙ ሳይነጋገሩ የሚግባቡ ይመስለኛል። ከታች የጠበቋቸው ሰዎችም እንዲሁ።

ስለ ሴቶቹ ልናገር። በመስከረም 1942 አንድሬ ቦሬልና ሊዝ ደ ቤሳክ ከቴምፕስፎርድ ተነስተው ፈረንሳይ ውስጥ በፓራሹት ወረዱ፤ ከመሥሪያ ቤቱ ሴቶች መካከል እንዲህ ሲወርዱ እነሱ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ቦሬል ከዚያ በፊት አውሮፕላናቸው ተመትቶ የወደቀባቸውን አብራሪዎች ከፈረንሳይ በስውር ስታሻግር የኖረች ሠራተኛ ሴት ነበረች። በ1943 ተይዛ በሐምሌ 1944 ናትስቫይለር በተባለው ማጎሪያ ተገደለች። ሊዝ ደ ቤሳክ ተርፋ እስከ 2004 ኖረች። በመስከረም 1943 ፐርል ዊዘሪንግተን ወረደች፤ አለቃዋ ሲያዝባት ራሷ መሪ ሆና ከሺህ በላይ የሆኑ የጫካ ተዋጊዎችን አዘዘች።

በሰኔ 1943 ደግሞ በአንዲት ሌሊት የ161ኛው ሁለት ላይሳንደሮች አንዤ ከተማ አጠገብ ካለ መስክ ላይ ሦስት ሴቶች አወረዱ። ኑር ኢናያት ካን፣ ዳያና ራውደን፣ ሲስሊ ለፎር። ኑር አባቷ ሕንዳዊ የሱፊ መምህርና ሙዚቀኛ ነበር፤ ራሷ የልጆች ተረት ትጽፍ ነበር። ሥራዋ የሬዲዮ መልእክት መላክ ነው፤ በዚያ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ብዙ ቀን አይኖርም። አብረዋት የነበሩት በየተራ ሲያዙ ተመለሺ ተባለች፤ እምቢ አለች። ሬዲዮዋን በሻንጣ ይዛ ከቤት ቤት እየተዘዋወረች ወራት ቆየች። ተያዘች፤ ሁለት ጊዜ ለማምለጥ ሞከረች፤ በመስከረም 1944 ዳካው ማጎሪያ ውስጥ ተገደለች። ራውደን ናትስቫይለር፣ ለፎር ራቨንስብሩክ ቀሩ። በዚያች ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ከመሰላሉ የወረዱት ሦስቱም ሴቶች ሞቱ ማለት ነው። አብራሪዎቹ ደግሞ በሰላም ገብተው ቁርሳቸውን በልተዋል፤ ምንም አላወቁም።

የሆላንድ ጉዳይ ከሁሉ ይመራል። በመጋቢት 1942 ጀርመኖች አንድ የሆላንድ ሬዲዮ ሠራተኛ ያዙና በእሱ ሬዲዮ ከለንደን ጋር መነጋገር ጀመሩ። የተያዘው ሰው መያዙን የሚያመለክተውን ምልክት ለለንደን ቢልክም የሚያስተውልለት አላገኘም። ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ቴምፕስፎርድ ለመሥሪያ ቤቱ ወደ ሆላንድ የጫነው ሰው ሁሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ የወረደው ጀርመኖች ባበሩት መብራት መሃል ነው። ከ50 በላይ ሰው እንዲህ ተያዘ፤ አብዛኞቹም በ1944 ማውትሃውዘን ማጎሪያ ውስጥ ተገደሉ። ጎተራው ውስጥ ኪሳቸው ያን ያህል በጥንቃቄ ተፈትሾ ነበር። ቁልፋቸው የተሰፋበት ክር ታይቶ ነበር።

ሜዳው ራሱም ጨካኝ ነበር። ከተረተሩ ሥር ዝቅ ብሎ የተኛ ነው፤ አጠገቡ አይቨል የተባለው ወንዝ ወደ ታላቁ ኡዝ ይገባል፤ ጉም ይወዳል። በታኅሣሥ 1943 በአንድ ሌሊት ጉሙ ደቡቡንም ምሥራቁንም እንግሊዝ ከደነው። ከፈረንሳይ በሰላም የተመለሱ ሁለት የላይሳንደር አብራሪዎች ታንግሚር አካባቢ ማረፊያ ሲፈልጉ ወድቀው ሞቱ፤ የ138ኛው ትልልቅ አውሮፕላኖችም በዚያው ሌሊት ተከሰከሱ። ጠላት ያልነካቸው ሰዎች በገዛ አገራቸው ላይ መሬት አጡ። በጦርነቱ ዘመን 138ኛው ብቻውን ወደ 1,000 የሚጠጋ ሰውና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሳጥን ጥሏል፤ ከአውሮፕላኖቹም 70 ያህሉን አጥቷል። ሳጥኖቹ ውስጥ ጥይት፣ ፈንጂ፣ ጫማ፣ መድኃኒት ነበር። እርግብም ይጥሉ ነበር፤ በትናንሽ ፓራሹት፣ ከጥያቄ ወረቀት ጋር፤ ያገኛት ገበሬ በአካባቢው ስላሉ ጀርመኖች ያየውን ጽፎ እንዲለቃት። ከወደቁት እርግቦች ጥቂቱ ብቻ ነው የተመለሰው።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሁሉም ነገር በፍጥነት ተዘጋ። የልዩ ዘመቻዎች መሥሪያ ቤት በጥር 1946 ፈረሰ፤ በዚያው ሰሞን ቤከር ጎዳና ላይ በተነሳ እሳት ከመዝገቡ ብዙው ተቃጠለ። ስለ ፈረንሳዩ ሥራ በመንግሥት ፈቃድ የተጻፈ የመጀመሪያ ታሪክ የወጣው ሃያ ዓመት ቆይቶ በ1966 ነው። እስከዚያ ድረስ በቴምፕስፎርድ የሠሩ መካኒኮች፣ ሹፌሮች፣ ፓራሹት አጣጣፊዎችና ወጥ ቤቶች ለባልና ለሚስት እንኳ ሳይናገሩ ኖሩ። አንዳንዱ ሳይናገር ሞተ። ልጆቻቸው የአየር ኃይሉን የአገልግሎት ወረቀት በመሳቢያ ውስጥ ሲያገኙ ቴምፕስፎርድ የሚል ቃል ያያሉ፤ ቃሉ ምንም አይነግራቸውም። ሜዳው ወደ እርሻ ተመለሰ። ከማኮብኮቢያው ኮንክሪት አብዛኛው ተሰብሮ ተወሰደ። ዳር ዳሩን የሚዞረው መንገድ የትራክተር መንገድ ሆነ።

ጎተራው ግን አለ። ከኤቨርተን ቁልቁለቱን ወርዶ የድሮውን የጣቢያ መንገድ የተከተለ ሰው ያገኘዋል፤ በሩ አይቆለፍም። ውስጡ ጨለም ያለና ቀዝቃዛ ነው። የአበባ ጉንጉን፣ ፎቶግራፍ፣ ባንዲራ፣ ስም የተቀረጸበት ሰሌዳ በግድግዳው ላይ ተደርድሯል፤ የፓራሹት ዕቃ የተቀመጠባቸው የጡብ መደርደሪያዎች ዛሬ የመታሰቢያ ቦታ ናቸው። በዙሪያው ዛፎች ተተክለዋል፤ ከየዛፉ ሥር የሰው ወይም የአገር ስም አለ። በየዓመቱ በኅዳር ሰዎች እዚያ ተሰብስበው ጸሎት ያደርጋሉ። የበረሩት አዛውንቶች በተሽከርካሪ ወንበር ሳይቀር ይመጡ ነበር፤ እያደር ቁጥራቸው እየሳሳ ሄደ፤ አሁን የሚቆሙት ልጆቻቸው ናቸው። በ2013 ደግሞ ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበረው ቻርልስ ተገኝቶ በቴምፕስፎርድ መንደር ለሴቶቹ የተሠራውን ሐውልት መረቀ፤ ጫፉ ላይ እርግብ አለችበት። ስማቸው በየአገሩ ከተበተነበት ተሰብስቦ በአንድ ድንጋይ ላይ ተጻፈ። ያን ድንጋይ ሳየው ደስ ይለኛል። ሲሸኟቸው ማንም በስማቸው አልጠራቸውም ነበርና፣ ከሰባ ዓመት በኋላም ቢሆን ስማቸው መጠራቱ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ሌላ ዘመን እየመጣ ነው። ኦክስፎርድን ከኬምብሪጅ የሚያገናኘው አዲስ የባቡር መስመር የለንደኑን መስመር የሚያቋርጠው ቴምፕስፎርድ ላይ እንዲሆን ታቅዷል፤ ጣቢያም ይሠራል። በመስከረም 2025 መንግሥትን የሚያማክረው ቡድን ለአዲስ ከተማ ይሆናሉ ብሎ 12 ቦታዎችን ሲጠቁም ይህቺ ጥቂት መቶ ነዋሪ ያላት መንደር ከቀዳሚዎቹ አንዷ ሆነች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ይታሰባሉ። አልቃወምም፤ ቤት የሌለው ወጣት በዝቷል፤ ሜዳውም ከአንድ ትውልድ በላይ ያገለገለው ስንዴን ነው። ነገር ግን ዕቅድ አውጪዎቹ መሬቱን ባዶ ነው ብለው እንዳያስቡት እፈራለሁ፤ ባዶ እንዲመስል ተደርጎ መሠራቱን ካላወቁ እንዲያ ማሰባቸው አይቀርም። ጎተራውና ዛፎቹ ከነዙሪያቸው በሕግ ይከለሉ። ከማኮብኮቢያው የቀረው ኮንክሪትም ይትረፍ፤ ልጆች ብስክሌት ይንዱበት። አዲስ ከተማ ደግሞ ብዙ ጎዳና ይኖረዋል፤ ጎዳና ስም ይፈልጋል። የኮሚቴ ስብሰባ አያስፈልግም፤ በመንደሩ መሃል ባለው ድንጋይና በጎተራው ግድግዳ ላይ ስሙ ሁሉ ተጽፎ አለ። የኑር ጎዳና ከባቡር ጣቢያው በር ቢጀምር፣ የቦሬል ጎዳና ወደ ትምህርት ቤቱ ቢወስድ፣ በጠላት መብራት መሃል የወረዱት የሆላንድ መንገደኞችም አንድ አደባባይ ቢያገኙ እወዳለሁ።